ሁለት ነጭ፣ አንድ ጎምዛዛ

(ወሎ ቆላ፣ ኅዳር፣ ረፋድ ላይ፤ ዐሥራ አራት ዓመት ለመንደሯ የማሽላ ዘር ስታባዛ የኖረችው ወይዘሮ ይርገዱ ከወፍ መጠበቂያ ማማዋ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ የዘር ቁጥጥር ባለሙያው እንዳላማው የዘረጋላትን ወረቀት ትታ እጁን ታያለች፤ ዕርፍ ጨብጦ የማያውቅ እጅ መሆኑን ካወቀች ቆይታለች።)

እንዳላማው፦ እዚህ ጋ ብቻ ነው፣ እትዬ። አውራ ጣትዎን ቀለሙ ውስጥ ነከር ያደርጉና ጫን። አለቀ።

ይርገዱ፦ ምን የሚል ወረቀት ላይ ነው የምጭነው?

እንዳላማው፦ ነገርኩዎት እኮ። የተለመደ ቅጽ ነው።

ይርገዱ፦ ለማን የተለመደ? እኔ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

እንዳላማው፦ ያው፣ ያባዙት ጮራ የሚባለው ነጭ ማሽላ ዘር ውስጥ ዘንጋዳ፣ ያ ቀዩ ጎምዛዛ ማሽላ፣ ተቀላቅሎ ተገኝቷል። ማን ቀላቀለው? አባዥዋ። አባዥዋ ማን ናት? እርስዎ። ይህን አምነው ይፈርማሉ፣ እኛ ከዘር አባዥነት እንሰርዝዎታለን፣ ነገሩ በዚሁ ይበርዳል። ክስ የለ፣ ፍርድ ቤት የለ።

ይርገዱ፦ ደግነትህ ገደለኝ። አንገቴን ቆርጠህ ስታበቃ ነጠላዬን ታስተካክልልኛለህ?

እንዳላማው፦ በነገር አይጥመዱኝ። መንደሩ ሁሉ እያወራ ነው። አቶ አራጌ ከእርስዎ የወሰደውን ዘር ዘርቶ፣ ይኸው ጎምዛዛውን ራስ እየለየ ሲቆርጥ ነው የሚውለው። ገበያ ላይ ምን እንደሚል ሰምተዋል?

ይርገዱ፦ «ይርገዱ ዘር በረዘች» ይላል። ሰምቻለሁ። ትናንት ሚስቱን ስትወልድ ያረስኩለት ሰው ሰላምታዬን መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ። እናቴ ዘር ሰጪ ነበረች፣ እኔም ዘር ሰጪ ነኝ። ሌላ ሙያ የለኝም፣ ሌላ ስምም የለኝም። ቤቴ ቢቃጠል ይሻለኝ ነበር።

እንዳላማው፦ እንግዲህ ሰው የዘራውን ነው የሚያጭደው።

ይርገዱ፦ የዘራሁትንማ አውቃለሁ። ያተምክበትን የማታውቅ አንተ ነህ።

እንዳላማው፦ ማኅተሙን እዚህ ውስጥ ምን አመጣው?

ይርገዱ፦ ራሱ ይመጣል፣ አትቸኩል። በል ያ የያዝከው የአራጌ ማሽላ ነው አይደል? ከሱ ቆንጠር አድርገህ አኝክ።

እንዳላማው፦ ለምን አኝካለሁ? ናሙናውን ቢሮ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ።

ይርገዱ፦ በዓይንህ! ማሽላ በዓይን ይበላል እንዴ? እኔ ዘር ስሰጥ የማደርገውን አይተሃል?

እንዳላማው፦ ያቺን ተውኔትዎን? የመንደሩ መሰብሰቢያ ሾላ ሥር ቁጭ ብለው፣ ለሰው ከሚሰጡት ከእያንዳንዱ እፍኝ ቆንጥረው ተቀባዩ ፊት ያኝካሉ። አይቻለሁ። ለፎቶ ያምራል። ምላስ ግን መለኪያ አይደለም።

ይርገዱ፦ ዘር ሰጪ ያላኘከውን አይሰጥም። እናቴ ጥርሷ ረግፎ በድዷ ታኝክ ነበር። ያንተ ማኅተም ከኪስህ ይወጣል፣ የኛ ደግሞ ከአፋችን ነው። አኝክ ብዬሃለሁ።

እንዳላማው፦ ደስ ካለዎት እሺ። ይኸው። ምንም የተለየ ነገር... እ... እፍ...

ይርገዱ፦ ምነው?

እንዳላማው፦ ም-ምላሴ... ውሃ!

ይርገዱ፦ ውሃ አይፈታውም። ምራቅህን ነው የያዘብህ፣ ቁጭ በልና እስኪለቅህ ጠብቅ። አራት ዓመት ከተማ የሠለጠነ ምላስ በአምስት ፍሬ ማሽላ ታሰረ! ግሪሳም እንዲህ ስትሆን ነው ጥላው የምትበር። ደግነቱ እሷ ቅጽ ይዛ አትመጣም።

እንዳላማው፦ እህ... እሺ። ጎምዛዛ ነው። ማስረጃውም ይኸው ነው እኮ! ይሄ ታኒን ይባላል።

ይርገዱ፦ እኛ ጎምዛዛ እንለዋለን። እንዲያ ብለን ስንጠራውም አቤት ይላል።

እንዳላማው፦ ልንገርዎት፣ ይገባዎት እንደሆነ። ፍላቮኖይድ የሚባል ትልቅ ቤተሰብ አለ። የአበባው ቅላት፣ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ይሄ አፍዎን የሚያኮማትረው ነገር፣ ሁሉም የዚያ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ተክሉ ገላ ከሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ላይ ቀንሶ በራሱ ጓዳ ያዘጋጀዋል። አንዱ ሠራተኛ ቆርጦ ያቀብላል፤ ቀጣዩ ይገጣጥመውና ቢጫ ይሆናል፤ ሌላው ያጥፈዋል፣ ቀለሙ ይጠፋል። መጨረሻ ላይ ያሉት ወይ ያቀሉታል፣ ወይ አንዱን ካንዱ እየቀጠሉ ጎምዛዛ ያደርጉታል።

ይርገዱ፦ የሸማኔ ቤት በለኛ። አንዷ ትፈትላለች፣ አንዷ ታዳውራለች፣ አንዱ ይሸምናል። ለማን ብሎ ነው ይህን ሁሉ የሚለፋ?

እንዳላማው፦ ለራሱ ነዋ። ፀሐይ ሲጠናበት መከለያ፣ ሲቆስል መድኃኒት፣ ወፍ ሲመጣበት መሣሪያ ነው።

ይርገዱ፦ ቅጠሉን ትል የነከሰው ቦታ ላይ፣ ዙሪያውን የሚቀላው እሱ ነው?

እንዳላማው፦ እ... አዎ። የአጎቱ ልጅ ነው። ማን ነገረዎት?

ይርገዱ፦ ቅጠሉ። እኔን ደጄ ላይ የነገረኝን አንተ አገር አቋርጠህ ልትሰማው ሄድክ።

እንዳላማው፦ ማየትና ማወቅ ይለያያል፣ እትዬ። ዋናውን ነገር ደግሞ አላዩትም። ተክሉ ይህን ነገር ሁልጊዜ አይሠራውም፤ ጉልበት ይፈጅበታል። ስለዚህ በየቦታው አለቃ አለው። አለቃው ካላዘዘ ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ይርገዱ፦ እንደናንተ ቢሮ።

እንዳላማው፦ ይስቁ። የዘንጋዳ አለቃ የፍሬው ቅርፊት ላይ «ሥሩ!» ይላል፤ የጮራ አለቃ ዝም ነው። ስለዚህ ከጮራ ጎምዛዛ አይወጣም። ጎምዛዛ ከተገኘ ዘንጋዳ ገብቷል ማለት ነው። ዘንጋዳ እንዲሁ እግር አውጥቶ አይገባም። በሉ ጣትዎን።

ይርገዱ፦ ጣቴ ከእጄ ጋር ነው፣ የትም አይሄድም። ያ ብልቃጥ ምንድን ነው?

እንዳላማው፦ መፈተኛ ነው። በረኪና ነው፣ ሌላም ነገር ተጨምሮበታል። ጎምዛዛ ፍሬ እዚህ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ከሰል ይመስላል፤ ያልሆነው ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

ይርገዱ፦ አምና የኔን ዘር በሱ ነበር የፈተንከው?

እንዳላማው፦ በሱ ነበር።

ይርገዱ፦ እና?

እንዳላማው፦ ያኔ አልፏል። ከዚያ በኋላ ነው የቀላቀሉበት።

ይርገዱ፦ ከዚያ በኋላ! ከረጢቱን ማን ሰፋው?

እንዳላማው፦ እኔ።

ይርገዱ፦ ማን አሸገው?

እንዳላማው፦ እኔ፤ ግን...

ይርገዱ፦ ሰኔ ላይ ሾላው ሥር፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ እሽጉን የፈታው ማን ነው?

እንዳላማው፦ የሚያውቅ ሰው እሽግን ፈቶ መመለስ አያቅተውም።

ይርገዱ፦ አሁን ደግሞ ሌባ ሆንኩ። ጥሩ። ከዚያው ዘር አንድ ከረጢት ተርፎኛል፣ እዚሁ ከኋላዬ አለልህ። እሽጉን ራስህ አገላብጠህ እየው።

እንዳላማው፦ ...የኔ ነው። አልተነካም።

ይርገዱ፦ ፍታውና ዝገን። ከሱም፣ ከአራጌውም እየለየህ ንከር። ሃያ ደቂቃህን እስክትጨርስ እኔ ወፌን እጠብቃለሁ። ሁሽ! ሁሽ አንቺ! ያንን ከማሳው ዳር የነበረ ዘንጋዳዬን ካስነቀልከኝ ወዲህ እኮ ግሪሳ ይሉኝታዋን ጣለች።

እንዳላማው፦ ዘንጋዳ ለዘር ማሳ ነውር ነው። ደግሞ አንድ መስመር ዘንጋዳ ወፍ አይከለክልም።

ይርገዱ፦ ወፍ ከዳር ነው የምትጀምር። ዳሩ ሲጎመዝዛት ማሳው ሁሉ እንዲያ ይመስላታል። እናቴ ዙሪያውን የምትዘራው ለጌጥ መሰለህ? ዘንጋዳው በሚያዝያ ይዘራል፣ ጮራው በሐምሌ። ያኛው አብቦ ሲጨርስ ይሄኛው ገና ቅጠል ነው፣ አይተዋወቁም። ይህን ስታስነቅለኝ ነግሬህ ነበር። «የመንደር ወሬ» አልከኝ።

እንዳላማው፦ ሕግ ሕግ ነው።

ይርገዱ፦ እሱን ሕግህን በኋላ እንጠራዋለን። ደረሰልህ?

እንዳላማው፦ ቆይ... የአራጌው ጠቁሯል። አንድም አልቀረም፣ ሁሉም ከሰል ሆኗል።

ይርገዱ፦ የከረጢቱስ?

እንዳላማው፦ ነጭ ነው።

ይርገዱ፦ ስንቱ?

እንዳላማው፦ ሁሉም። ሌላ ልንከር... አይ፣ ሁለት እፍኝ ነው የነከርኩት። አንድ ዘንጋዳ እንኳ የለበትም።

ይርገዱ፦ እኔም አኝኬዋለሁ፣ ይጣፍጣል። እንግዲህ ዘንጋዳ የሌለበት ከረጢት ውስጥ ዘንጋዳ የጨመረችው ይርገዱ የት አለች?

እንዳላማው፦ ከእርስዎ ካልመጣ... አራጌ ነዋ! ራሱ ማሳው ላይ ቀላቅሎ ነው። ካሳ ፈልጎ።

ይርገዱ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ! ከኔ ጫንቃ አንስተህ አራጌ ላይ ልትጭነው? አራጌ ምላሰ ረጅም ነው፣ ቂመኛ ነው፣ ለኔ ክፉ ነው። ማሳው ውስጥ ግን ዘንጋዳ አልዘራም። ሰው የሚበላውን በገዛ እጁ አያጎመዝዝም።

እንዳላማው፦ ታዲያ ከየት መጣ? ከሰማይ ወረደ?

ይርገዱ፦ አንተ ማሳው ውስጥ ገብተህ አይተሃል?

እንዳላማው፦ ናሙና ተልኮልኝ...

ይርገዱ፦ ተፈልፍሎ፣ በላስቲክ ታስሮ። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባላል፤ አንተ ልጅቷን ሳታያት ፈረድክባት። ያ ማማዬ ላይ የተደገፈው ምን መሰለህ?

እንዳላማው፦ ምሰሶ መስሎኝ ነበር።

ይርገዱ፦ ምሰሶ! ከአራጌ ማሳ ከነሥሩ ነቅዬ ያመጣሁት ማሽላ ነው። ጎምዛዛው እሱ ነው። በል አሁን እንደ ባለሙያ እየው። ዘንጋዳ ነው?

እንዳላማው፦ አይ... አይደለም። ዘንጋዳ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ገለባውም ጥቁር ነው።

ይርገዱ፦ ጮራ ነው?

እንዳላማው፦ ጮራ ወገቤ ላይ ነው የሚደርሰው። ይሄ ከኔም ከፍ ይላል። አንገቱም ጎበጥ ብሏል። ራሱ ብቻ የጮራ ይመስላል።

ይርገዱ፦ አንገቱስ የማን ነው?

እንዳላማው፦ የ... ጎንበሴ? የእርስዎ የድሮው ነጭ ማሽላ?

ይርገዱ፦ አየህ፣ ስትቆም ታያለህ። ዘር ከልጓም ይስባል። ይህ የጮራና የጎንበሴ ልጅ ነው። አንገቱ ይመሰክራል።

እንዳላማው፦ ግን አይሆንም! ጎንበሴ ነጭ ነው።

ይርገዱ፦ እኔ ያደግሁት በጎንበሴ ገንፎ ነው። ማር ነው።

እንዳላማው፦ ጮራም ነጭ ነው። ሁለት ነጭ ተጋብቶ ጎምዛዛ አይወልድም።

ይርገዱ፦ ወልዷል እኮ፣ የኔ ጌታ። ይኸው ቆሞልሃል። አሁን የምትከራከረው ከኔ ጋር ነው ወይስ ከማሽላው?

እንዳላማው፦ ቆይ... ይቆዩኝ። አለቃው... አለቃው አንድ ካልሆነስ? ሁለት ከሆኑስ? ሁለቱም እሺ ካላሉ ሥራው የማይጀመር ከሆነ...

ይርገዱ፦ ምን ታጉረመርማለህ? ለሰው በሚገባ ተናገር።

እንዳላማው፦ ክፍል ውስጥ ተምረነው ነበር። የማሽላን ቅርፊት ጎምዛዛ የሚያደርጉት ሁለት ናቸው። አንዱ ብቻውን ምንም አያመጣም።

ይርገዱ፦ የእድራችን ዕቃ ቤት በለው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ ያለበት በር ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ አራጌ ጋ። እኔ ብቻዬን ብሄድ አይከፈትም፣ እሱም ብቻውን ቢሄድ አይከፈትለትም።

እንዳላማው፦ ልክ እንዲያ! ጮራ አንደኛውን ቁልፍ ድሮ ጥሎታል፣ ሁለተኛው እጁ ላይ አለ። ጎንበሴ ደግሞ ሁለተኛውን ጥሏል፣ አንደኛው አለው። ለየብቻቸው በሩ ዝግ ነው፣ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ሲጋቡ ግን...

ይርገዱ፦ ቁልፍና ቁልፍ ተገናኘ። በሩ ወለል አለ።

እንዳላማው፦ አዎ።

ይርገዱ፦ ቆይ እንጂ፣ አንድ ነገር ይቀረኛል። ሌሊት ሌሊት ያልተኛሁት በሱ ነው። ይህ ዘር አምና እኔው ማሳ ላይ ነው ያፈራው። ከተጋቡም የተጋቡት አምና ነው። እኔም ሰው ፊት አኘክሁት። ለምን አልጎመዘዘኝም? ምላሴ አርጅቶ ሰው አስቶ እንደሆነ ንገረኝ። እሱን ብቻ በእውነት ንገረኝ።

እንዳላማው፦ ምላስዎ አልሳተም፣ እትዬ። የኔም በረኪና አልሳተም። ጎምዛዛው ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው፤ ቅርፊቱ ደግሞ የእናት ነው። ውስጡ ያለው ጽንስ ከሁለቱ ይወለዳል፤ ላዩን የለበሰው ግን የእናቱን ልብስ ነው። እናቱ ጮራ ናት፣ ነጭ አለበሰችው። እሱ ራሱ በቅሎ፣ አድጎ፣ በተራው ሲያፈራ ነው ልጆቹን የራሱን ጎምዛዛ የሚያለብሳቸው።

ይርገዱ፦ ስለዚህ ያኔ ማንም አያውቀውም ነበር።

እንዳላማው፦ ማንም። ቢታኘክ፣ ቢነከር፣ ቢፈጭ አይታወቅም።

ይርገዱ፦ እፎይ። እግዜር ይስጥህ፣ ይቺን እንኳ ተምረህ ኖሯል። ምላሴ አልዋሸም። እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ እያልኩ ነበር፣ ሞታ እንኳ።

እንዳላማው፦ እንግዲህ ነገሩ ተገለጠ። የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። ነፋስ ነው ያጋባቸው። ማንም ጥፋተኛ የለም ማለት ነው።

ይርገዱ፦ አሃ! እኔ ሳለሁ ጥፋተኛ ነበረ፣ እኔ ከወጣሁ ነፋስ ሆነ? ነፋስ በሁለት መቶ እርምጃ አያጋባም፣ ያንተው ሕግ ነው የሚለው። ጎን ለጎን ያስተኛቸው ማን ነው?

እንዳላማው፦ አላስታውስም። በዓመት ስንት ማሳ ነው የማየው...

ይርገዱ፦ መቀነቴ ያስታውሳል። ቆይ ልፍታው። ይኸው፣ የአምናው ዘር ሊዘራ ሲል፣ ሰኔ ዐሥራ ሁለት ማሳዬን አይተህ የተውክልኝ ወረቀት። «በድንበሩ ዙሪያ ያለው ዘንጋዳ ከጉልበት ሳያልፍ ተነቅሎ በነጭ ማሽላ፣ ለምሳሌ በጎንበሴ፣ እንዲተካ። ጎንበሴው ከጮራው ጋር በአንድ ጊዜ ይዘራ። ነጭ ከነጭ ቢጎራበት ጉዳት የለውም።» ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ማኅተም።

እንዳላማው፦ ማንበብ... ይችላሉ እንዴ?

ይርገዱ፦ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ በመጀመሪያው ዙር ነው ያለፍኩት። አንተ ግን ጠይቀህ አታውቅም። ነጠላዬን አየህ፣ እግሬን አየህ፣ ቀለም ገዝተህ መጣህ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ያንን ቅጽህንም አንብቤዋለሁ፣ ገና ስትዘረጋው፣ ተገልብጦ ሳለ።

እንዳላማው፦ ቅጹን... ልጠቅልለው።

ይርገዱ፦ «ሁለት መቶ እርምጃው የት ሄደ?» ብዬህ ነበር ያኔ። ምን አልከኝ?

እንዳላማው፦ እትዬ...

ይርገዱ፦ «እሱ ለቀዩ ነው» አልከኝ። ከዚያ ሳቅክ። እኔ ሞኝ ሆኜ ስታዘዝ፣ በስምንት ሰው ዘንጋዳዬን አስነቅዬ ጎንበሴ ዘራሁልህ። ልጆችህን ጎረቤት ለጎረቤት አስተኝተህ ስታበቃ አዋላጇን ልትከስ መጣህ!

እንዳላማው፦ አላወቅኩም ነበር። እውነቴን ነው። ዘንጋዳውን ብቻ ነው የፈራሁት፤ ከነጭ ይመጣል ብዬ በሕልሜም...

ይርገዱ፦ አለማወቅህንማ አልጠላሁትም። ማንም አያውቅም ብለሃል። የጠላሁት፣ ሳታውቅ ስትቀር ከወረቀትህ በፊት ጣቴን ማየትህን ነው።

እንዳላማው፦ ይህቺ ወረቀት ቢሮ ከደረሰች እኔ አበቃልኝ። ሁለት ሕፃናት አሉኝ። ይስሙኝ፦ ቅጹን እዚሁ እንቅደደው። አልሰርዝዎትም። ከርሞም፣ ከዚያም ወዲያ አባዥ እንደሆኑ ይቆያሉ። ማንም ሳያውቅ ነገሩን በዝምታ...

ይርገዱ፦ ባለፈው እሁድ ሾላው ሥር፣ በድምፅ ማጉያ፣ «ወይዘሮ ይርገዱ ዘር በርዘው ተገኝተዋል» ያልከው በዝምታ ነበር?

እንዳላማው፦ በስሜት ነው...

ይርገዱ፦ ጮክ ብለህ ያበላሸኸውን ስም በሹክሹክታ ልትመልስልኝ? እምቢ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። እኔ ደግሞ ወደዚያው ነኝ፣ ሌላ ስም የማወጣበት ዕድሜ የለኝም።

እንዳላማው፦ ይሁን፣ ይርገሙኝ። ግን የሚብሰው ሌላ ነው። የዘንድሮውን ማሽላ ማንም ለዘር እንዳያስቀር መናገር አለብኝ። እነዚህ ክልሶች ደግመው ቢዘሩ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጎምዛዛ እየሆነ ይበታተናል፣ በዓይን አይለይም። በሦስት ዓመት ውስጥ መንደሩ ሙሉ ይጎመዝዛል።

ይርገዱ፦ ንጹሕ ጮራ አምጣላቸዋ። ባለ ጣቢያ አይደለህ?

እንዳላማው፦ የነበረችው ጥቂት ናት፣ እሷኑ ነው ለእርስዎ የሰጠነው። እንደገና እስኪባዛ ሁለት ዓመት ይፈጃል።

ይርገዱ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሰው ከርሞ ምን ይዝራ? ወረቀት?

እንዳላማው፦ አላውቅም። እውነቱን ልንገርዎት፣ አላውቅም።

ይርገዱ፦ ካቻምና ማጨጃ ላይ፣ ከማሳው መሐል የመረጥኩትን ራስ ጭስ ላይ ስሰቅል ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?

እንዳላማው፦ ካቻምና... «ጭስ ያጠቆረው ዘር ተቀባይነት የለውም፣ ያውርዱት» ያልኩዎት?

ይርገዱ፦ አላወረድኩትም።

እንዳላማው፦ ምን?

ይርገዱ፦ ካቻምና ጎንበሴ አጠገቡ አልነበረም። ሃያ ሰባት ራስ ጮራ፣ ነቀዝ ያልነካው፣ ጓዳዬ ተሰቅሏል። ጎንበሴዬም ለብቻው አለ። አንተ የምትተማመነው በመጋዘንህ ነው፣ እኔ በጭሴ።

እንዳላማው፦ እትዬ ይርገዱ! ዕድሜ ይስጥዎት! መንደሩን አዳኑት፣ እኔንም! ይስጡኝ። ዛሬውኑ እንደገና እናባዛዋለን፣ በመስኖ፣ ለብቻው፣ ሁለት መቶ ሳይሆን አራት መቶ እርምጃ አርቀን። ያዘዙኝን አደርጋለሁ።

ይርገዱ፦ ያዘዝኩህን?

እንዳላማው፦ ያዘዙኝን ሁሉ።

ይርገዱ፦ እሁድ ሾላው ሥር ና። ስሜን ከጠራህበት ቦታ ላይ ቁም። ከዚህ ከጎምዛዛው አንድ እፍኝ ሙሉ ቃመህ፣ ሰው ሁሉ እያየህ አኝክ። እንዳትተፋው፣ ውሃም እንዳትጠይቅ። ምላስህ ሲፈታ ከአፍህ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «እኔ ነኝ» ይሁን። አራጌን ከፊት አስቀምጥልኝ፣ በደንብ ይስማ።

እንዳላማው፦ ...እሺ። ከዚያስ ዘሩን ይሰጡኛል?

ይርገዱ፦ አባዝቼ ለገበሬው ሁሉ ስሰጥ ላንተም ይደርስሃል፤ ቆንጥሬ ፊትህ አኝኬ፣ እንደ ወጉ። ከሰልፉ ኋላ ቆመህ ጠብቅ። ያንን ቀለም ደግሞ እንዳትረሳው፤ ዘር ስትቀበል አውራ ጣትህን ነክረህ ትጭንልኛለህ።